አንድ ዲስክ፣ ሁለት ተራ አስከባሪ፦ የቨርቹዋል ማሽኖች የማከማቻ ጥያቄ አሰላለፍ

በአንድ ሰርቨር ላይ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን ማሠራት የፕሮሰሰርንና የማኅደረ ትውስታን ብክነት ይቀንሳል። ዲስክን በተመለከተ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፕሮሰሰር ከአንዱ ሥራ ተነጥቆ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል፤ ወደ ዲስኩ የተላከ ጥያቄን ግን መመለስ እጅግ አዳጋች ነው።

ለማስረዳት ያህል፣ በተፍኪ አንድ ሰርቨር ብቻ ያለው አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ይታሰብ። አንዱ ቨርቹዋል ማሽን የባለጉዳዮችን መዝገብ ያስተናግዳል፤ ሌላው የተበታተኑ ፋይሎችን መጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳል። ዲስኩ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራል። አንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ፣ የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። የማንበቢያው ክንድ የሚጓዝበት 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲታከልበት፣ ዲስኩ በሰከንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ጥያቄ 80 ያህል ብቻ ነው። የሳታ ዲስክ በውስጡ እስከ 32 ጥያቄ ያሰልፋል። መጠባበቂያ ቅጂው ይህን ወረፋ ከሞላው የመዝገቡ አንድ ጥያቄ 0.4 ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ አንድን ገጽ ለመክፈት 10 ተከታታይ ንባቦች ካስፈለጉ ባለጉዳዩ 4 ሰከንድ ይጠብቃል። (ዲስኩ ቅደም ተከተሉን በራሱ ስለሚያሸጋሽግ ስሌቱ ግምታዊ ነው።) የዲስኩ ጠቅላላ አፈጻጸም ግን በመለኪያ ላይ መልካም ሆኖ ይታያል፤ ችግሩ ከባለሙያው ዓይን የሚሰወረውም በዚህ ነው።

ተራ አስከባሪው ሁለት ቦታ ይገኛል፤ በእንግዳው ሥርዓተ ክወናና በአስተናጋጁ። እንግዳው «ዲስክ» ብሎ የሚያየው ብዙውን ጊዜ በአስተናጋጁ ላይ የተቀመጠ ፋይል ስለሆነ፣ የክንዱን ጉዞ ለማሳጠር የሚያደርገው ድርደራ መሠረት የለውም። በ2006 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ነባሪ ምርጫ የሆነውና በ2019 እ.ኤ.አ. ከነጭራሹ የወጣው ሲኤፍኪው ደግሞ ተከታይ ጥያቄ ይመጣል በሚል ግምት ዲስኩን ለአፍታ ሥራ ያስፈታ ነበር፤ ይህ በሁለቱም እርከኖች ሲደጋገም ጉዳቱ ይደራረባል። ስለዚህ እንግዳው ጥያቄውን ሳይደረድር እንዲያሳልፍ፣ ፍትሐዊ ክፍፍሉም ለአስተናጋጁ እንዲተው ማድረግ ይመረጣል።

አስተናጋጁ በምን መሥፈርት ያከፋፍል? ጉላቲ፣ መርቻንትና ቫርማን በ2010 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ኤምክሎክ ለእያንዳንዱ ማሽን ሦስት ቁጥሮችን ይመድባል፦ ዝቅተኛ ዋስትና፣ ከፍተኛ ጣሪያና የድርሻ ክብደት። ዋስትናው የዘገየበት ማሽን አስቀድሞ ይስተናገዳል፤ የተረፈው አቅም ጣሪያቸውን ላልነኩት በክብደታቸው ይከፋፈላል። ከሦስቱ ዋስትናው ይበልጣል። ጣሪያ መዝገቡ በተዘጋበት ሌሊት እንኳ መጠባበቂያ ቅጂውን ያለ ምክንያት ያጓትታል።

ዋስትናም ብቻውን አይበቃም። ለመዝገቡ በሰከንድ 30 ጥያቄ ቢረጋገጥለትም፣ ዲስኩ አስቀድሞ 32 ጥያቄዎችን ከተቀበለ ቅድሚያው የሚሠራው ከወረፋው ውጭ ነው። አስተናጋጁ በአንድ ጊዜ ከ4 የማይበልጡ ጥያቄዎችን ወደ ዲስኩ ቢለቅ ግን ከፊት ያለው ጥበቃ ወደ 0.05 ሰከንድ፣ የገጹም መክፈቻ ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። ዋጋው ዲስኩ ለማሸጋሸግ የሚኖረው ዕድል መጥበቡ ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂው ዘግይቶ ይጠናቀቃል።