ከረጢቱ ላይ የታተመው ቁጥር

(ምስል፦ የእንስሳት ምግብ መደብር። ካሜራው አንድ ከረጢትና አንድ ጣሳ ላይ ያርፋል።)

ተራኪ፦
የውሻ ምግቡ ከረጢት «ፕሮቲን 26 በመቶ» ይላል፤ አጠገቡ ያለው ጣሳ 10። ለገዢው ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ግን ጣሳው ውስጥ ካለው 78 በመቶው ውኃ ነው፤ የከረጢቱ ውኃ 10 በመቶ ቢሆን ነው። ውኃው ተቀንሶ ሲሰላ ከረጢቱ 29፣ ጣሳው 45 በመቶ ገደማ ይሆናል።

የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ዝቅተኛ መጠን ብሎ ያወጣውም በዚሁ ስሌት ነው፦ ላደገ ውሻ 18፣ ለቡችላ፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ ውሻ 22.5 በመቶ።

(ምስል፦ ቤተ ሙከራ፤ የሚፈላ አሲድ።)

ተራኪ፦
ደግሞስ ከረጢቱ ላይ የታተመው ቁጥር ከየት መጣ? ዴንማርካዊው ኬሚስት ዮሃን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ባስተዋወቀው ዘዴ ናሙናው በሰልፈሪክ አሲድ ይቀቀላል፤ የተገኘው ናይትሮጂን በ6.25 ይባዛል፤ ውጤቱ «ፕሮቲን» ተብሎ ይታተማል። ናይትሮጂኑ ከሥጋ ይምጣ ከላባ፣ ስሌቱ አይለይም።

ይህን ክፍተት አጭበርባሪዎች ቀድመው አወቁት። እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ኩላሊታቸው መሥራት ያቆመ ውሾችና ድመቶች በየክሊኒኩ ይጎርፉ ጀመር። አንድ አምራች ብቻ 60 ሚሊዮን ያህል ጣሳና ፓኬት ከገበያ ሰበሰበ። ሲመረመር፣ የስንዴ ግሉተን ተብሎ ከቻይና በገባው ዱቄት ውስጥ ሜላሚን ተገኘ፤ ያው የማይሰበረው ሳህን የሚሠራበት። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጂን ስለሆነ ርካሹን ዱቄት በወረቀት ላይ ፕሮቲን የሞላበት ያስመስለዋል። አብሮት ከተገኘው ሲያኑሪክ አሲድ ጋር ተዋህዶ ኩላሊት ውስጥ ክሪስታል ሠራ። በቀጣዩ ዓመት ቻይና ውስጥ ያው ማጭበርበር በሕፃናት ወተት ተደገመ።

(ምስል፦ ሜዳ ላይ የሚሮጥ የግሬት ዴን ቡችላ።)

ተራኪ፦
ስለዚህ ከመቶኛው በፊት የግብዓቱን ዝርዝር ማየት ይሻላል፤ ሥጋው በስሙ ተጽፏል ወይስ በደፈናው «የእንስሳት ተዋጽኦ» ተብሏል? «ብዙ ፕሮቲን የትልልቅ ዝርያ ቡችላን አጥንት ያጣምማል» የሚለው ስጋትም ጊዜው ያለፈበት ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ በግሬት ዴን ቡችላዎች ላይ የተደረገ ጥናት አልደገፈውም፤ ጥፋቱ የሚበዛው ካልሲየምን ከልክ በማብዛትና ቡችላውን ከመጠን በላይ በማወፈር ነው። ላረጀ ግን ጤነኛ ለሆነ ውሻም ፕሮቲን መቀነስ ጡንቻውን ማክሳት ነው። የሚቀነሰው ኩላሊቱ መታመሙ በደምና በሽንት ምርመራ ሲረጋገጥ፣ ያውም ሐኪሙ በሚያዘው ልክ ነው።