ከአንዲት ጠብታ ደም በስተጀርባ፦ የሜዲካል ላብራቶሪ ትምህርት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ክረምቱ ወጥቶ ውኃ ባቆረበት ስፍራ ትንኝ ሲራባ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው ይበዛል። ታማሚው ከጣቱ ጥቂት ደም ይሰጣል። መድኃኒቱን የሚያዘው ባለሙያ የሚጠብቀው ከላብራቶሪ የሚመጣውን ውጤት ነው።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት የወባ ተሕዋስያን ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ፋልሲፓረም በጊዜ ካልታከመ አንጎልን አጥቅቶ ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ዳግም ያገረሻል። ስለዚህ ሕክምናቸው ይለያያል። የላብራቶሪ ባለሙያው ደሙን በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ አቅልሞ፣ አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይመረምራል። በጤና ኬላ የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ ጠቃሚ ቢሆንም የተሕዋስያኑን ብዛት ቆጥሮ አያሳይም። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በ1950 ዓ.ም. ክረምት በተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ በሀገሪቱ 150 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል።

ሙያው በዲግሪ ደረጃ ከሚሰጥባቸው መካከል የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ። በጎንደር የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከዚያም ስለ ደም፣ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያንና ስለ ባክቴሪያ ያጠናል፤ በሆስፒታልም ይለማመዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ቢያንስ 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ ግዴታ ነው። ለሥራ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው መንገዱ ቀደም ብሎ መጀመሩን ነው። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ሳይንስን ካልመረጠ በሩ ይጠበዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ዕዳውንም ሥራ ሲይዝ ይከፍላል።

በግል ኮሌጅ ለማስተማር ከገበዝ ማርያምም ሆነ ከቡሬ በሬ ሸጦ የሚነሣ ወላጅ ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የተቋሙን ዕውቅና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሊያጣራ ይገባል። ዕውቅናው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ በተናጠል የሚሰጥ በመሆኑ፣ አንድ ኮሌጅ ነርሲንግ ለማስተማር ተፈቀደለት ማለት ላብራቶሪም ተፈቀደለት ማለት አይደለም።