ከኮከቡ ጀርባ ያለው ቁጥር

አንጥረኛ ብር ከየት እንደመጣ ብዙ አይጠይቅም፤ ይመዝናል፣ ያቀልጣል፣ ይቀጠቅጣል። መቀሌ ቀዳማይ ወያነ ባለችው ሱቄ እኔም የያዝኩት ልማድ ይኸው ነው። የቀደሙት ሠሪዎች መስቀሉንና ድሪውን ያበጁት ማርትሬዛ እያቀለጡ ነበር፤ ማርትሬዛ ደግሞ ለማቅለጥ አያሳሳም። ስሙ የተወሰደላቸው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞቱ ወዲህ የተመታው ሁሉ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። የማን መቀነት ውስጥ እንደኖረ የሚናገር ምንም ምልክት የለውም። የሶቪየት ቀይ ኮከብ ሲመጣልኝ ግን ሚዛኑን ትቼ መጀመሪያ ጀርባውን አያለሁ።

ሰው ሁሉንም «የራሺያ ሜዳሊያ» ይለዋል። አብዛኛው ግን ተራ ባጅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ለትምህርት የሄዱ ልጆች ደረታቸው ላይ ሰክተው የመጡት፣ የሕፃኑ ሌኒን ምስል ያለበት ኮከብ ወይም እ.ኤ.አ. የ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ ድብ። ብዙው አልሙኒየም ስለሆነ ለእኔ ሥራ አይረባም። ቀጥሎ ሜዳሊያ አለ። ጀርመን ድል የተደረገችበትን የሚያስታውሰው፣ ስታሊን በጎን የሚታይበት የናስ ሜዳሊያ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ታድሏል፤ ቁጥርም የለውም። ከዚህ በላይ ያለው ኒሻኑ ነው።

የቀይ ኮከብ ኒሻን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ብር ነው፤ አምስቱ ጫፎቹ ጠቆር ባለ ቀይ ኢናሜል ተሸፍነዋል፤ መሀሉ ላይ ካፖርት የለበሰ፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል። በመርፌ ቁልፍ አይያዝም። ልብሱ ይበሳና ከጀርባው ያለው ብሎን ገብቶ ከውስጥ በዳዶ ይጠብቃል። ኢናሜሉ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ይሰበራል፤ እንዲህ ያለውን «ጠግንልኝ» ሲሉኝ እምቢ እላለሁ፣ ስብራቱም የኮከቡ ታሪክ ነውና። ጀርባው ላይ የመምቻ ቤቱ ስም፣ ከዚያም ተራ ቁጥር አለ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ስለተሰጠ ብርቅ ነው አይባልም። ነገር ግን ቁጥሩ ለተሸላሚው ይሰጥ በነበረው ትንሽ ደብተር ላይ ከስሙና ከአባቱ ስም ጋር ይጻፍ ነበር። ደብተሩና ኮከቡ አብረው ከተገኙ ሰውየው ተገኘ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥንድ መጣልኝ። ኦዴሳ የተማረው ጎረቤቴ ስሙን አነበበልኝ፤ ከዚያ ፍለጋው ቀላል ነበር። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ሞስኮ አጠገብ ፖዶልስክ ባለው መዝገብ ቤቱ የሚገኙትን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሽልማት ሰነዶች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ እያሳየ ነው። ወረቀቱ የተወለደበትን ዓመት፣ ብሔረሰቡን፣ የተመለመለበትን ቦታ ይዘረዝራል፤ ከሥሩ አዛዡ ለምን እንደሚገባው በአጭሩ ይጽፋል። የእኛው ሰው የስልክ ሠራተኛ ኖሯል። መድፍ እየወረደበት የተበጠሰ ሽቦ እየቀጠለ መስመሩን አላቋረጠም። ጀግንነቱ ይኸው ነው፤ አንድም የገደለው ሰው አልተጠቀሰም። እኔ ይህን ሳነብ ኮከቡ ላይ ያለውን ወታደር ጠመንጃውን አስጥዬ ሽቦ ላስይዘው ቃጣኝ።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1957 ድረስ በሠራዊቱ 15 ዓመት ያገለገለ ሁሉ ያው ቀይ ኮከብ ይሰጠው ነበር፤ 20 ዓመት የሞላው ቀይ ሰንደቅን፣ 25 የሞላው ሌኒንን። ስለዚህ ኮከብ አይቶ «ጀግና» ማለት አይቻልም፤ ቢሮ የከረመ ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ከቀረ ደግሞ ፍለጋው ይከብዳል፤ ኢንተርኔቱ የሚጠይቀው ስም ነውና። አጭበርባሪ ያለውን ቁጥር ፍቆ ሌላ ይቀርጻል። ይህን ግን መጥረቢያ ሳይሆን መቅረጫ ይዞ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ የተፋቀ ብር ጎድጎድ ይላል።

ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጡ መገመት ከባድ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የአያቶች ኒሻን ሞስኮ አርባት ጎዳና ላይ ለቱሪስት ይቸረቸር ነበር፤ የእኛ ተማሪዎችም እዚያው ነበሩ። ትልቁ ኒሻን ግን ከዚያ ቀድሞ መጥቷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1951 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረትን ሲጎበኙ የሱቮሮቭ ኒሻን አንደኛ ደረጃ ተሸልመዋል። ይህ ፕላቲኒየም ያለበት፣ ለታላላቅ የጦር አዛዦች የተፈጠረ ሲሆን የመጀመሪያው ተሸላሚ ማርሻል ዡኮቭ ነው። ለንጉሥ ሲሰጥ የወዳጅነት ምልክትም ይመስላል።

መቀሌ ውስጥ ግን ስለ ወዳጅነት ማውራት አይቀልም። አንዲት እናት ቀለበት ሊያስጠብቡ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ኮከብ አዩና «ይህን ለምን ታስቀምጣለህ? አቅልጠው» አሉኝ። የሐውዜን ሰው ናቸው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን የደርግ ሚጎች ሲደበድቡ እዚያ ነበሩ፤ አውሮፕላኖቹ የሶቪየት ናቸው። ኮከቡ ግን በሌላ ጦርነት፣ በሌላ ሰው ደረት ላይ የነበረ መሆኑን ልነግራቸው ጀመርኩና ተውኩት። ቀለበታቸውን አጠበብኩ፣ ኮከቡን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። እሳቸውን ማሳመን የእኔ ሥራ አይደለም። ማቅለጥ ግን አላቀለጥኩም።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ በአመድም በሎሚም አትፈትጉት፤ የጠቆረው ብር ይጠቁር። ዳዶውን በጉጠት አታስገድዱ። ደብተር ካለው አብራችሁ አስቀምጡ፤ ገዢ ለኒሻኑ ብቻ ጥሩ ዋጋ ቢሰጥም አትነጥሏቸው። ሩሲያ ውስጥ የመንግሥት ሽልማትን መግዛትም መሸጥም በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስለዚህ «እዚያ ወስጄ አተርፋለሁ» የሚል ካለ አስቀድሞ ያስብበት። ቁጥሩን ግን ገልብጣችሁ በወረቀት ጻፉት፤ በአጉሊ መነጽር ካላዩት 3 እና 8 ይመሳሰላሉ።