ከአንድ ሳህን የሚበላ የተሞላ የዶሮ ደረት

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቤታችን ገበታ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ሳምቡሳ ነው። እናታችን ግን የስኳር ሕመም ስላለባቸው አምና በረመዳን ከእኛ ሳህን ተለይቶ ሾርባ ብቻ ይቀርብላቸው ነበር። እሳቸው ምንም አላሉም፤ እኛን ነው የከበደን። ዘንድሮ ለብቻቸው መሥራቱን ትተን፣ ዱቄትም ድንችም የማይገባበት፣ ሁላችንም የምንበላው ምግብ ፈለግን።

ያገኘነው የተሞላ የዶሮ ደረት ነው። የሐበሻ ዶሮ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ደረቱ ቀጭን ነው። በሐላል የታረደ የፈረንጅ ዶሮ አራት ቁራጭ ደረት ለአራት ሰው ይበቃል። እያንዳንዱን በጎኑ በኩል እንደ ኪስ መክፈት ነው። ቢላው ማዶ ከወጣ ግን የተሞላው ሁሉ ይፈሳል። እኛም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ሆኖብን ዶሮውንና አይቡን ለየብቻ በላን።

ለመሙያው ሁለት እፍኝ ቆስጣ፣ አንድ ስኒ አይብ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣ ቃሪያና ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል። ቆስጣው ለሁለት ደቂቃ ተቀቅሎ ይጨመቃል፤ አይቡም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ አጓቱ ይውጣ። ውሃ ከቀረበት ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጾመኛ ጨው መቅመስ ስለሚከብደው መለካት ይሻላል፤ ለአራቱም አንድ የሻይ ማንኪያ። ከዚያ ኪሱ በስቴኪኒ ይዘጋል።

ዘይት በነካው መጥበሻ ሁለቱም ጎን ቡናማ እስኪሆን ጠብሶ፣ በ180 ዲግሪ ኦቨን 25 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ኦቨን የሌለው መጥበሻውን ከድኖ፣ በመለስተኛ እሳት እያገላበጠ ያብስለው። ወፍራሙ ቦታ ሲወጋ ሮዝ ፈሳሽ መውጣት የለበትም፤ ቴርሞሜትር ያለው መሐሉ 74 ዲግሪ መድረሱን ይይ። እኛ ለአዛን ጥቂት ሲቀረው እናወርደዋለን። በቴምርና በውሃ አፍጥረን እስክንሰግድ ሥጋው ያርፋል፤ ወዲያው ከተቆረጠ ጭማቂው ፈሶ ይደርቃል።

እናታችን ቴምሩን በአንድ፣ እንጀራውን በሩብ ወስነዋል። መጾም መቻላቸውንና የመድኃኒታቸውን ሰዓት የወሰነው ግን ሐኪማቸው ነው፤ ይህ የምግብ አሠራር ያንን አይተካም። የስኳር መለኪያዋ ሁልጊዜ አጠገባቸው ናት፤ ከ70 በታች ካሳየች፣ ቅር ቢላቸውም፣ ያፈጥራሉ።

ለሱሁር አንድ ቁራጭ እናስቀምጣለን ብለን ነበር። እስካሁን አንድም ሌሊት አልተረፈም።