የአንድ ተማሪ የክረምት መጻሕፍት

ትምህርት ቤት ተዘግቶ የዳሞታ ተራራ በጉም በተሸፈነበት ሰሞን፥ በወላይታ ሶዶ የሚኖር አንድ ተማሪ በክረምቱ ያነባቸው ዘንድ የመረጣቸውን መጻሕፍት በደብተሩ ጽፎ አሳየን። ልብ ወለድ አንድም የለበትም፤ ይህ ጥቂት ቢያሳዝነንም አልተቃወምነውም።

በመጀመሪያ የሰፈረው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ፥ ስለ ሀብትና ስለ ሥራ የሚናገር መጽሐፍ ነው። በችኮላ የሚነበብ አይደለምና ሁለት ሳምንት ቢመድብለት ደግ ነው አልነው።

ብዙ ያነጋገረን ግን ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም በ1959 ዓ.ም. የታተመው የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ነው። በ1887 ዓ.ም. ወደ ወላይታ የተደረገው ዘመቻ በውስጡ ይገኛል፤ ካዎ ጦና የተማረኩት በዚያ ዘመቻ ነው። እንግዲህ ልጁ የሚያነበው የገዛ አገሩን መሸነፍ በድል አድራጊው ወገን ብዕር ነው። አያቱ ከአባታቸው ሰምተው በምድጃ ዳር የሚነግሩት ደግሞ ሌላ ነው። «ከመጽሐፉና ከአያቴ የማንን ልመን?» ሲል ጠየቀን።

መጽሐፉን ተወው አላልነውም። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎ በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትሟል፤ እልቂቱንም ምርኮውንም አልሸሸገም። ፈረንሳይኛ የሚያነብለት ሰው ቢያገኝ ይህንንም እንዲጨምር መከርነው።

በዝርዝሩ ግርጌ ያልታተመ አንድ ነገር አስጻፍነው፤ የአያቱን ቃል በወላይትኛ፥ እርሳቸው እንደሚናገሩት አድርጎ፥ ጊፋታ ሳይደርስ በደብተሩ እንዲያሰፍር። ሽማግሌው ዕድሜያቸው ገፍቷል።