በንግግር የሚሰጥ ሕክምና፦ እንዴት ይሠራል? ምን ያስወጣል?

እንቅልፍ እምቢ ካለ ሰንብቷል። ምግብ አያስበላም። ትናንት ይወዱት የነበረው ሥራ ዛሬ እጅ እጅ ይላል። በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ እንዲህ የሚሆን ሰው አይጠፋም። ጎረቤት ደግሞ «ሐሳብ ነው፣ ያልፋል» ይላል።

አንዳንዱ በእርግጥም ያልፋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሥራ ካስፈታ ግን ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ማለት ጉልበትን፣ ፍላጎትንና ተስፋን የሚያሟጥጥ የአእምሮ ሕመም ነው። መድኃኒት አለው። በንግግርም ይታከማል።

ማውራት እንዴት ሕክምና ይሆናል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡና ላይ ተቀምጠን ስናወራ ቀለል ይለን የለም? ይለናል። የንግግር ሕክምና ግን ቅደም ተከተል፣ የተወሰነ ቀጠሮና የቤት ሥራ አለው። አድማጩ አይፈርድም፣ አይቸኩልም፣ የሰማውንም ወደ ሰፈር አያወጣም።

ለእኛ አገር ከሚስማሙት አጫጭር አሠራሮች አንዱን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል። «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» ይባላል፤ ችግርን በዘዴ መያዝ እንደማለት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ አምስት ቀጠሮ አለው። የሚያስፈልገው የሠለጠነና ክትትል የሚደረግለት ሰው እንጂ የግድ ሐኪም አይደለም።

በአምስቱ ቀጠሮ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ አተነፋፈስ ይለመዳል። ሦስት እየቆጠሩ አየር ወደ ሆድ ማስገባት፣ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። ሰውነት ሲረጋ ለማሰብ ይቀላል።

ቀጥሎ ችግሮች ይዘረዘራሉ። አንድ የሁሩሙ ቡና ገበሬ መጣ እንበል። የሚያስጨንቁት የብድር ዕዳ፣ የሞተች እህቱና ከወንድሙ ጋር ያለው የወሰን ጠብ ናቸው። አማካሪው ሦስቱን አብሮት ይለያል። የእህቱን ሞት ማንም አይመልሰውም። ዕዳውና ጠቡ ግን ሊሠራባቸው ይችላል። ከሁለቱ በአንዱ ይጀመራል፤ ዕዳውን መረጠ እንበል።

«ዕዳ አለብኝ» ማለት ለሥራ አይመችም። ስለዚህ ችግሩ ይጠባል፦ ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ? ከዚያ መፍትሔ የመሰለው ሁሉ ይደረደራል። አማካሪው «እንዲህ አድርግ» አይልም፤ ምርጫው የገበሬው ነው። አበዳሪውን ለማነጋገር ከወሰነ ቀኑና ሰዓቱ ይያዛል። በሚቀጥለው ሳምንት «ሄድክ? ምን አለህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሦስተኛው የተዉትን ነገር በትንሽ በትንሹ መልሶ መጀመር ነው። ገበያ መውጣት፣ ጓሮ መኮትኮት፣ ዕድር ላይ መገኘት ሊሆን ይችላል። ድባቴ ያለበት ሰው «ደስ ሲለኝ እሠራለሁ» ይላል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ሥራው ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል።

አራተኛው ከሰው ጋር መልሶ መገናኘት ነው። ለማን ልንገር? ማን ያግዘኛል? የሚሉት ይመከርባቸዋል። የመጨረሻው ቀጠሮ የተማሩትን ለመከለስና ሕመሙ ቢመለስ ምን እንደሚደረግ ለማቀድ ነው።

ሐኪም ያልሆነ ሰው ይህን መሥራት ይችላል?

በተግባር ታይቷል። ዚምባብዌ ውስጥ በሐራሬ ከተማ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያማክራሉ። በ2016 የወጣ ጥናት የእነሱን ምክክር ያገኙ ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳይቷል።

በእኛም አገር በጉራጌ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ፣ አጭር ሥልጠና በወሰዱ ሠራተኞች እንዲታከሙ ተደርጓል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ውጤቱ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከታከሙት ያነሰ አልሆነም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ለነፍሰ ጡር እናቶችም አጭር የችግር መፍቻ ምክክር ተሞክሯል።

ምን ያስወጣል?

ለምክክሩ መድኃኒትም መሣሪያም አይገዛም። በመንግሥት ተቋም የካርድና የምርመራ ክፍያ ይኖራል። የጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎ መታደሱን ያረጋግጡ። ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊትም ከጤና ጣቢያዎ የሪፈር ወረቀት ያጽፉ፤ ያለ እሱ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ።

ትልቁ ወጪ መንገዱና ቀኑ ነው። ከገጠር ቀበሌ መቱ ደርሶ መመለስ የቀን ሥራ ያስቀራል። ያም አምስት ጊዜ ነው። የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ቀጠሮው በገበያ ቀንዎ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ለሁለት ጉዳይ አንድ ጊዜ ይሳፈራሉ።

ክኒኔን ልተወው? ጸበሉስ?

ክኒንዎን በራስዎ አያቁሙ። ከባድ ድባቴ፣ ድምፅ መስማትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ምክክሩ ከመድኃኒቱ ጎን ይሄዳል እንጂ አይተካውም። ጸበልም ሆነ ዱዓ፣ የአገር ሽማግሌ ምክርም ቢሆን መተው አያስፈልግም። ለጤና ባለሙያው ግን ይንገሩት። ጾም ወይም ጸበል ላይ ሲሆኑ መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ አብራችሁ ታቅዳላችሁ።

ወሬው ከተማ ውስጥ ቢወጣስ?

ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ፍርሃት እውነት ነው። በር የሚዘጋ ክፍል ይጠይቁ። አማካሪው ዘመድዎ ወይም ጎረቤትዎ ከሆነ ሌላ ሰው እንዲመደብ መጠየቅ መብትዎ ነው። በሚቀልዎት ቋንቋ ይናገሩ፤ የሆድን ለማውጣት አፋን ኦሮሞ ከቀለለዎት በአማርኛ አይጨነቁ።

ከየት ልጀምር?

ከሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። «የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ አለ? የምክክር አገልግሎትስ?» ብለው ይጠይቁ። የአምስት ቀጠሮው ምክክር በየጤና ጣቢያው ገና አልተዳረሰም። ከሌለ በመቱ ካርል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በደሌ ለሚቀርበው የበደሌ ሆስፒታል አለ። ከዚያ በላይ ለሆነ ጉዳይ ጅማ ይላካሉ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ሰውየውን ብቻውን አይተዉት፤ ገመድና ፀረ ተባይ ከአጠገቡ ያርቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ሐኪሙ ሲጠይቅ ሁሉንም ሳይሸሽጉ ይንገሩ።

አምስቱን ቀጠሮ ጨርሰው ለውጥ ካላዩ ሕክምናው አበቃ ማለት አይደለም። ያንኑ ለአማካሪዎ ይንገሩት፤ ወደ አእምሮ ሐኪም የሚልክዎት እሱ ነው።