አቀንጭራ የሚሰማው የማሽላ ጥሪ

በአሶሳ ዙሪያ ማሽላ ማሳ ውስጥ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሐምራዊ አበባ ብቅ ካለ ገበሬው ዘግይቷል። አበባው ያምራል፣ ለማያውቀው ዓይን ጌጥ ነው። አቀንጭራ የተባለው ይህ ጥገኛ አረም ግን ከአፈር በላይ ከመታየቱ በፊት ለሳምንታት ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ሲጠባ ነው የከረመው። ከጉዳቱ ብዙው የሚደርሰው ገና መሬት ውስጥ ሳለ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገንፎውም መጠጡም ከማሽላ ስለሆነ ነገሩ የአንድ ሰብል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የአቀንጭራ ዘር ከደቃቅ አቧራ ብዙም አይለይም፣ ርዝመቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስንቁ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ በዝናብና በሙቀት አንድ ሁለት ሳምንት ከሰነበተ በኋላም ዝም ብሎ አይበቅልም፣ አጠገቡ ሥር መኖሩን የሚነግረው ኬሚካል ይጠብቃል።

ያ ኬሚካል ስትሪጎላክቶን ከሚባለው ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው በ1966 እ.ኤ.አ. ከጥጥ ሥር ተለይቶ ታወቀ። የሚገርመው አቀንጭራ ጥጥ ላይ አያድግም። ታዲያ ተክሎች ጠላት የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ያመነጫሉ? መልሱ ለአርባ ዓመት ያህል ጠፍቶ ቆየ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ይኸው ኬሚካል ጠቃሚ ፈንገሶችን ወደ ሥር እንደሚጠራ አሳዩ፤ ፈንገሶቹ ለተክሉ ፎስፈረስ ያቀብሉታል። በ2008 ደግሞ ሁለት ቡድኖች ስትሪጎላክቶን የተክሉ የራሱ ሆርሞን መሆኑን፣ ቅርንጫፍ እንዳይበዛም እንደሚገታ አስታወቁ። ማሽላው የሚጠራው ረዳቱን ነው፤ አቀንጭራ ጥሪውን ጠልፎ ይሰማል።

ተክሉ ይህን ጥሪ የሚያበዛው ፎስፈረስ ሲያጥረው ነው። የአሶሳ ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ነው፣ በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አስሮ ይይዘዋል። የተራበ ማሽላ አብዝቶ ይጠራል፣ ያደፈጠው ዘርም አብዝቶ ይነቃል። አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ ይበረታል የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በእኔ እይታ ኖራና ማዳበሪያ ከአፈር ለምነት ባሻገር በአረም መከላከል ሥራም ሊቆጠሩ ይገባል።

ጥገኛው ከተጣበቀ በኋላም የሆርሞን ነገር አያልቅም። ተክል ውሃ ሲያጥረው አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ የቅጠል ቀዳዳዎችም ውሃ ለመቆጠብ ይዘጋሉ። አቀንጭራ የያዘው ማሽላም ዝናብ እየዘነበ በድርቅ እንደተመታ ሁሉ ይህን ሆርሞን ያበዛል፣ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ዕድገቱ ይቀጭጫል። አቀንጭራው ግን ሆርሞኑ ቢበዛበትም የራሱን ቀዳዳ አይዘጋም። በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች ምክንያቱን ደረሱበት፦ የሆርሞኑን ትእዛዝ የሚያግደው ፕሮቲን በአቀንጭራ ውስጥ ስለተለወጠ ሆርሞኑ ሊያስቆመው አይችልም። ቅጠሉ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ውሃው ከማሽላው ወደ እሱ ይሳባል። በፓዌ በዝናብ የሚበቅለውን ሩዝ የሚያመርቱም ይህን ማወቅ አለባቸው፣ አቀንጭራ ሩዝንም በቆሎንም አይምርም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኦሎንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ትልቅ ቦታ አላቸው። ከአለማያ ኮሌጅ ተመርቀው፣ በሱዳን ማሽላ ሲያዳቅሉ ቆይተው፣ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል በጥቂቱ የሚያመነጩ ማሽሎችን ለይተው አዳቀሉ። በ1994 ከእነዚህ ዝርያዎች ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። የእነዚህ ማሽሎች ምስጢር የተደበቀበት ጅን በ2017 ታወቀ። ይህ ጅን ሳይሠራ ሲቀር ማሽላው ጨርሶ ዝም አይልም፤ አቀንጭራን አጥብቆ የሚቀሰቅሰውን ስትሪጎላክቶን ትቶ ብዙም በማይቀሰቅሰው ዘመዱ ይጣራል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ሥራ ጎቢዬን፣ አብሽርንና ብርሃንን አግኝታለች። ሦስቱም ቶሎ የሚደርሱ፣ ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ የታሰቡ ናቸው። የአሶሳ ዝናብ ግን ረጅም ነው። በዝናብ መሃል የደረሰ ማሽላ ይሻግታል፣ ወፍም ቀድሞ ይደርስበታል። ስለዚህ እዚህ የሚሻለው አቀንጭራን የሚቋቋመውን ባሕርይ የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው እንዳወጣቸው እንደ አሶሳ 1 እና አዱካራ ወዳሉ ማሽሎች ማስገባት ይመስለኛል።

አሜሪካኖች በ1956 የአቀንጭራ ዘመድ በካሮላይና ማሳዎች ላይ ሲገኝባቸው ሌላ የተክል ሆርሞን የሆነውን የኢቲሊን ጋዝ በማሽን አፈር ውስጥ እየነፉ ዘሩን ያለ ምግብ አብቅለው ገደሉት። ለዚህ ብዙ ገንዘብና አሥርት ዓመታት አስፈልጓል። አሶሳ ላይ ተመሳሳዩን ሥራ አኩሪ አተርና ለውዝ በነጻ ይሠራሉ፦ ሥሮቻቸው አቀንጭራን ይቀሰቅሳሉ፣ ሊጣበቅባቸው ግን አይችልም። ዘሩ ለዓመታት ስለሚቆይ አንድ ክረምት አይበቃም፤ የበቀለውንም አበባው ዘር ሳይቋጥር መንቀል ያስፈልጋል። ችግሩ አኩሪ አተር ገንፎ አለመሆኑ ነው። ዋጋው በወደቀበት ዓመት ገበሬው ወደ ማሽላው ይመለሳል፤ ስለዚህ ማሳውን ሙሉ ለሙሉ ከመቀየር ይልቅ በማሽላው መደዳ መሃል አኩሪ አተር አሰባጥሮ መዝራት ለብዙ ቤተሰብ የሚቀል መንገድ ነው።